የአጎቴ አማርኛ

በጃንሆይ ዘመን ሆሳዕና ክሊኒክ ውስጥ ቁስል የማጥብ፣ መርፌ የምወጋ ድሬሰር ነበርኩ። ሀዲይኛ ስለምችል የአውራጃው ጤና ኮሚቴ ገጠር ሲወጣ ለአስተርጓሚነት ይወስደኝ ነበር፤ ቃለ ጉባኤውንም የምጽፈው እኔው ነኝ። የትኛው መንደር ክሊኒክ እንደሚያገኝ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚጠቃለል የሚወስነው ይኸው ኮሚቴ ነበር።

አንድ ቀን ከሀቢቾ ወዲያ ወዳለው መንደራችን ሄድን። የኮሚቴው ሊቀመንበር ጸሎት ቤታችን ደጅ ቆመው፣ “ቤቱን እናንተ ሥሩ፤ ድሬሰሩንና መድኃኒቱን እኛ እናመጣለን” አሉ። አስተረጎምኩ። ሕዝቡ ግን የሚያየው የእሳቸውን አፍ ሳይሆን የእኔን ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ አጎቴ ተነሣና በሀዲይኛ፣ “ልጄ፣ እውነት ነው?” አለኝ። ሴት ልጁ እርጉዝ ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጇን በቃሬዛ ወደ ሆሳዕና ስንወስዳት መንገድ ላይ አጥታለች።

“እውነት ነው፣ አባባ” አልኩት። ይህን በል ያለኝ የለም፤ ከራሴ የጨመርኩት ነው።

ቤቱ ክረምት ሳይገባ አለቀ። አጎቴ የራሱን ባሕር ዛፍ ቆረጠ፤ ሴቶቹ ሣር ተሸከሙ፤ ማገሩ በእንሰት ቃጫ ታሰረ። በሩ ሲገጠም ጸለዩበት።

በሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ ሊቀመንበሩ አገልግሎቱ ሁሉ ሆሳዕና ላይ እንዲጠቃለል፣ የመንደሩ ቤት ለፖሊስ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረቡ። ደፈር ብዬ፣ “ለክሊኒክ ብለን አይደል እንዴ ያሠራናቸው?” አልኩ።

ሳቁብኝ። “አንተ ደግሞ! ለፖሊስ ነው ብንላቸው ማን አንድ ማገር ያዋጣ ነበር?”

ለካ ከመጀመሪያውም ያውቁት ኖሯል። ወገኖቼን ያታለሉት በእኔው አፍ ነው። ደሜ ፈላ። ታዲያ ምን አደረግሁ? እንጀራዬን ፈርቼ “በሙሉ ድምፅ ተወሰነ” ብዬ ጻፍኩ። ለአጎቴም አልነገርኩትም። መንደሩ የሚጠብቀው ድሬሰር ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።

ክረምቱ ሲበረታ የአጎቴን ልጅ በቃሬዛ ወደ ሆሳዕና አመጧት። በዚያው በሠሩት ቤት ደጅ አልፈው፣ ጭቃውን ሲያቦኩ ውለው ነው የደረሱት። እሷ ተረፈች፤ ሕፃኑ ግን ሞቶ ተወለደ።

አጎቴን በክሊኒኩ በረንዳ ላይ አገኘሁትና በሀዲይኛ “አባባ” አልኩት። ከተወለድኩ ጀምሮ በሌላ ቋንቋ አናግሮኝ አያውቅም። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ቢሮ እንደገባ ባላገር ጎንበስ አለና በተሰባበረ አማርኛ፣ “ጌታዬ፣ ሬሳውን መውሰድ ይፈቀዳል?” አለኝ።