ያልተነበበችው አራተኛ መስመር

ባለቤቴ ወንበር ጠጋኝ ነበር። የምጽፈው ስለ እሱ ነው። ከየት እንደሚጀመር በደንብ አላውቅም። ሰው ስለ ሰው ሲጽፍ ከተወለደበት ይጀምራል ይላሉ፤ እሱ ግን የት እንደተወለደ አጥርቶ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ስለዚህ ከወንበሩ ልጀምር።

የሠፈሩ ሰው ጠጋኙ ይለዋል። ደጃችን ላይ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ እግሩ የተሰበረ፣ መደገፊያው የወለቀ ወንበር ተከምሮ ይውላል። ወንበር ሲያመጡለት መጀመሪያ በዓይኑ አያየውም። ቁጭ ይልበትና ዓይኑን ጨፍኖ ሲንቋቋ ይሰማዋል። «የዚህ ባለቤት ወደ ግራ ነው የሚያጋድለው። ወይ ወገቡን ያመዋል፣ ወይ ሚስቱ በቀኝ በኩል ናት» ይላል። ባለቤትየው ይስቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ አይስቅም። እኛ ቤት ግን ደህና ወንበር ሁለት ብቻ ነበር። እንግዳ ከመጣ እኔ ሳጥን ላይ ነኝ። ጎረቤቶቼ «የወንበር ጠጋኝ ሚስት ሳጥን ላይ ትቀመጣለች» እያሉ ተሳልቀውብኛል። እውነታቸውን ነው።

እኔ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ልብስ እተኩሳለሁ። እሱ ታዲያ ለማያውቀው ሰው ሁሉ «ሚስቴ ተኳሽ ናት፣ ተጠንቀቁ» ይላል። ያኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል። ሰው ፊት አፌ አይፈታልኝም። ልጅም አልሰጠን፤ እንግዲህ በዚያ ቤት የሚያወራው እሱ ነው፣ የምሰማው እኔ ነኝ።

ፊደልም ያስቆጠረኝ እሱ ነው፣ ያውም ጸጉሬ መሸበት ሲጀምር። ትርፍራፊ ጣውላ ላይ በአናጢ እርሳስ ይጽፍና «ይቺ ማን ናት?» ይለኛል። እኔም እንድጽፍ ይሰጠኛል። ስሳሳት መላጊያውን ያነሳና ላግ፣ ላግ አድርጎ ያጠፋታል። «ማንም አላየም» ይለኛል። ጽሕፈቴ እስከ ዛሬ ወፍራም የሆነው በዚያ እርሳስ ስለለመድኩ ሳይሆን አይቀርም።

ስልኩን አንድ ደንበኛው ነው የሰጠው፣ አዲስ ሲገዛ። ጨዋታው ቀድሞ እላዩ ላይ ነበረ። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ ጠረጴዛ አለ፣ ዙሪያውን ባዶ ወንበሮች አሉ። ሰዎቹ ከታች ተደርድረው ቆመዋል። ከእነሱ ሥር በውጭ ቋንቋ የተጻፉ መስመሮች አሉ፤ ማን ከማን ጎን እንደሚሆን፣ ማን ከማን እንደሚርቅ የሚናገሩ ናቸው። ያንን አንብቦና አገናዝቦ ሁሉንም በየወንበሩ ማስቀመጥ ነው። ቦታው ልክ ከሆነ ሰውየው ይቀመጥና ራሱን ይነቀንቃል። ካልሆነ ፊቱን ቅጭም ያደርግና ተነስቶ ይቆማል። ስህተት ከበዛ ጨዋታው ይዘጋል፣ እስኪከፈት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

መጀመሪያ ቀን «አንተ ደግሞ የውጭ ቋንቋ ከየት ታውቃለህ?» አልኩት።

«ሁለት ዓመት የፈረንጆቹ ግቢ ዕቃ ስጠግን ከርሜ የለም እንዴ! ቁጭ በል፣ ተነስ፣ ነገ ና። ለወንበር ሰው ከዚህ ወዲያ ምን ያስፈልገዋል?»

ሳቅኩ። አመንኩትም።

ከሥራ ስመለስ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ፣ ሁለቱን ወንበሮች ፊት ለፊት እናደርግና ስልኩን መሀላችን እንይዛለን። እሱ ጣቱን መስመሯ ላይ እያስኬደ ያነባል። እኔ አስባለሁ። ቦታ የምመርጠው እኔ ነኝ፤ «አንቺ አእምሮ አለሽ፣ እኔ አፍ አለኝ» ይል ነበር። ሕግም ነበረው፦ ሁሉም መስመር ሳይነበብ ማንም አይቀመጥም። ለሰዎቹ ስም አወጣንላቸው። ጺሙ ደረቱ የደረሰው ጢሞ ነው፣ ባርኔጣ ያደረገችው ባለ ኮፍያዋ ናት፣ ሰፊው ሰውዬ ድብልብሌ ነው። ሌሎቹ ይቀያየራሉ፣ እነዚህ ሦስቱ ግን በየጠረጴዛው አይጠፉም። ልክ እንደ ጎረቤት እናማቸው ነበር።

«ባለ ኮፍያዋ ከድብልብሌ አጠገብ አትቀመጥም» ብሎ ያነብልኛል። «ባለፈው ከሳህኗ አንስቶባታል።»

«እንዲህ ይላል?»

«ቃል በቃል።»

«ሳህን ይላል?»

«ይኸውልሽ» ይልና በጥፍሩ ያሳየኛል።

እኔ አስቤ፣ አስልቼ ባለ ኮፍያዋን ሳስቀምጣት ቅጭም ብላ ትነሳለች። እሱ አይደነግጥም። «ቆይ፣ አንድ ቃል ዘልያለሁ» ይላል። እንደገና ያነባል፣ እንደገና ሌላ ነገር ይወጣል። የዘለለው ቃል አንዳንዴ ከመስመሩ ይረዝማል። እኔ እንዴት ነው ነገሩ ብዬ አልጠየቅኩም። እኔ ራሴ የገዛ ቋንቋዬን ሳነብ ግማሹን ነው የምዘለው፤ በሰው ላይ ምን አፍ አለኝ።

ብቻ ደስ ይለኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት መሀል ቆሜ እየተኮስኩ፣ ማታ ጢሞ ማን አጠገብ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ሰው ቢሰማኝ ይስቅብኛል።

ከዚያ ሳል ጀመረው። ሙጫውና የእንጨቱ ብናኝ ነው አሉን፣ ሳንባው ውስጥ ገብቷል። ሲያስል ወንበር የሚሰብር ይመስል ነበር። መዶሻ ማንሳት አቃተው፣ ከዚያ ደረጃ መውጣት አቃተው፣ ከዚያ ሆስፒታል አስተኙት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋው አጠገብ ተቀምጫለሁ። የተቀመጥኩባት ወንበር ተንቋቋች። ዓይኑን ሳይገልጥ «የኋላ እግሯ ላልቷል፣ ወደ ፊት ጠጋ በይ» አለኝ። ጠጋ አልኩ። «ስልኩን አምጪው እስቲ» አለ።

አዲስ ጠረጴዛ ነበር። ሞላላ ጠረጴዛ፣ አራት መስመር። ሁሉም ከታች ቆመዋል። አንደኛዋን አነበበልኝ።

«ባለ ኮፍያዋ በመስኮቱ በኩል ትቀመጥ። አይበርደኝም ትላለች፣ አትመኗት፣ ይበርዳታል።»

ሁለተኛዋን ቀጠለ። «ጢሞ ከጎኗ ባይሆን እንኳ ፊት ለፊቷ ይሁን። ቀና ስትል እንድታየው።»

ትንሽ አረፈና ሦስተኛዋን። «ድብልብሌ የተጠገነችው ወንበር ላይ እንዳይወጣ። ጠጋኙ ታሟል።»

ይቺ አሳቀችኝ። እሱም ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል ዞረና ነርሷ መጣች። «አባባ፣ ስልኩ ነው እንዴ የሚያስልዎት?» አለችው።

«ስልኩ አይደለም፣ እሱ ሰውዬ ነው» አላት ድብልብሌን እያሳያት።

ነርሷ ትራሱን አስተካክላለት ስትሄድ «አራተኛዋስ?» አልኩት።

ስልኩን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ቆየ እያየኝ። «ይቺ ረዘም ትላለች» አለ። «ትንፋሽ ትፈልጋለች። ነገ አነብልሻለሁ።»

መስመሯን እኔም አይቻታለሁ። ከአራቱም አጭሯ እሷ ነበረች። ግን የውጭ ቋንቋ ነው፣ አጭር ሆኖ ብዙ ይናገር ይሆናል ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ሸሚዙን ተኩሼ፣ በክንዴ ላይ አድርጌ ስገባ አልጋው ተነጥፏል። አንሶላው አንድም መጨማደድ የለውም። ነርሷ ከወዲያ ጫፍ አየችኝና የያዘችውን ነገር አስቀመጠች። እንደዚያ ነው ያወቅኩት።

ስለ ቀብሩ መጻፍ አልችልም። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ደጃችን ላይ በተከመሩት ወንበሮች ተቀመጠ፣ ያልተጠገነው ወንበር አንዱን ጥሎታል ይባላል። እሱ ቢኖር ምን ያህል ይስቅ ነበር።

ሰው ሁሉ ተበትኖ ብቻዬን ስቀር አንድ ነገር ብቻ ፈለግኩ፤ አራተኛዋ መስመር ምን እንደምትል ማወቅ። ሌላ ምንም። ሳያነብልኝ የቀረው እሱ ነው እንጂ፣ መስመሯ እዚያው ስልኩ ላይ ተጽፋ አለች፣ የትም አትሄድም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። በየቀኑ ስልኩን ቻርጅ አደርጋለሁ። ከፍቼ አያቸዋለሁ፤ ጢሞ፣ ባለ ኮፍያዋ፣ ድብልብሌ፣ ሁሉም ቆመው ይጠብቃሉ። አንዳቸውንም አልነካሁም። ሁሉም ሳይነበብ ማንም አይቀመጥም።

መሥሪያ ቤታችን ልብስ የምትረከበዋ ልጅ ቋንቋውን ታውቃለች። ብዙ ጊዜ ልጠይቃት ስልኩን ይዤ ቀረብኩ፤ አጠገቧ ስደርስ «ባሏ ከሞተ ስንት ቀን ሆነውና ጌም ትጫወታለች» ትለኛለች ብዬ እመለሳለሁ። እንዲህ እያልኩ ወራት አለፉ። ከዚያ የስልኩ ጀርባ ማበጥ፣ መከፈት ጀመረ። ያኔ ፈራሁ። ማንም የማያውቀኝ ሩቅ መንገድ ላይ ያለ ስልክ ሠሪ ዘንድ ወሰድኩት።

ሱቁ ከቁም ሳጥን አይበልጥም። ስልክ ሠሪው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል፤ የእኔ እኩያ የምትሆን ሴት የራሷን ስልክ እስኪሠራላት ባንኮኒውን ተደግፋ ቆማለች።

«ባትሪው አብጧል እናቴ» አለኝ። «ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ቤት ያቃጥል ነበር።»

«ልጄ፣ ጨዋታው እንዳይጠፋ» አልኩት።

«የልጅ ልጅ ነው የሚጫወተው?»

«አይ፣ እኔ ነኝ። እኛ ነን።»

ሴትየዋ «ጎሽ እህቴ፣ እኔን ደግሞ ልጆቼ ስልኬን እንኳ አያስነኩኝም» ብላ ሳቀች። ሳቋ ክፉ አልነበረም፤ ስለዚህ ድፍረት አገኘሁ።

ባትሪው ተቀይሮ ስልኩ ሲበራ ጨዋታውን ከፈትኩና ሰጠሁት። «አራተኛዋን መስመር ብቻ አንብብልኝ።»

«ከመጀመሪያው ላንብብልዎት እንጂ፣ አንዷ ብቻዋን ምን ታደርጋለች።» መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። «ባለ ሰማያዊ ልብሱ ጫፍ ላይ አይቀመጥም።»

«ስለ መስኮቱስ?»

«የምን መስኮት?»

«ባለ ኮፍያዋ በመስኮቱ በኩል የሚል የለም? ይበርዳታል የሚል?»

ስልኩን ወደ እኔ አዞረልኝ። «እናቴ፣ መስኮትም የለ።» አየሁ። እውነቱን ነው፣ ስዕሉ ላይ መስኮት የለም። እስከዚያ ደቂቃ ድረስ እንዳለ ነበር የማውቀው።

ሁለተኛዋን አነበበ፣ ሦስተኛዋን አነበበ። ቀይ የለበሰችው በእገሌና በእገሌ መሀል ናት፣ ባለ ጺሙ ከበሩ ይርቃል፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር ነው። የተጠገነ ወንበር የለም። የታመመ ሰው የለም።

«ሌላ ጨዋታ ከፍተህ እንዳይሆን» አልኩት።

«ይኸው፣ ያው የሰጡኝ ነው።»

ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች። «እንዴ እህቴ፣ ለአንቺ ማነው እንዲያ አድርጎ ያነበበልሽ?»

«ባለቤቴ።»

«ቋንቋውን ያውቃል?»

«ያውቃል» አልኩ። ስሙን የማነሳው እኔ ብቻ ቀርቼ፣ በሰው ፊት ውሸታም ላስብለው?

«አራተኛዋማ አጭር ናት» አለ ስልክ ሠሪው። «ባለ ኮፍያዋ ጫፍ ላይ ናት። ይኸው ነው።»

«ረጅም ናት ብሎኝ ነበር።»

«አይ፣ በቃ፣ ይቺው ናት።» ከዚያ ልጁ ቅን ነው፣ ሊረዳኝ ፈልጎ፣ እኔ እጄን ሳላነሳ በጣቱ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ አስቀመጣቸው። አንድም ቅጭም ያለ የለም። መጨረሻ ላይ ባለ ኮፍያዋን ጫፍ ላይ ብቻዋን አስቀመጣት። ደወል ጮኸ፣ ባለ ቀለም ብጥስጣሽ ወረቀት ዘነበ፣ ሰዎቹ ተነስተው ወጡና ጠረጴዛው ተነሳ። ሌላ ጠረጴዛ መጣ።

«ይኸው፣ አለፈልዎት እናቴ።»

«መመለስ ይቻላል?»

ሞከረልኝ፣ ብዙ ቦታ ነካካ። «ይሄኛው ወደ ኋላ አይልም። ለምን ፈለጉት? ጨርሰውታል እኮ።»

አመሰገንኩት። ከልቤ ነው ያመሰገንኩት፣ ምን አጠፋ። ከፍዬ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ሁሉንም ነገር አንድ በአንድ አስታወስኩ። ሳህኗን። አንድ ቃል ዘልያለሁ እያለ የፊታቸውን ቅጭምታ ሲጠብቅ የነበረውን። አልተቀየምኩትም፤ እንኳን ልቀየመው። ያቃጠለኝ ሌላ ነው። አራተኛዋ መስመር ስልኩ ላይ አልነበረችም። የነበረችው እሱ አፍ ውስጥ ነው። እኔ ስልኩን ቻርጅ እያደረግኩ ስጠብቃት፣ እሷ ከእሱ ጋር ተቀብራ ኖሯል። ረዘም ትላለች ያለው ምን ነበር? ትንፋሽ የምትፈልገው ምን ነበረች? እዚያው ተንፍሷት ቢሆን ምናለ፣ በግማሹም ቢሆን።

ቤት ገብቼ ሁለቱን ወንበሮች እንደ ድሮው ፊት ለፊት አደረግኩ። አንዱ ላይ ተቀምጬ ስልኩን ከፈትኩ። አዲስ ጠረጴዛ ነው፤ ሦስቱ አሁንም ከሌሎቹ ጋር ተሰልፈው ቆመዋል። ከሥራቸው መስመሮቹ አሉ። ጣቴን እንደ እሱ አንደኛዋ ላይ አስኬድኩ።

«ባለ ኮፍያዋ» አልኩ ጮክ ብዬ።

ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣልኝም። ዝም ብዬ በግምት አነሳኋትና አንድ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ቅጭም ብላ ተነሳች።

ትንሽ ጠበቅኩ። ቆይ፣ አንድ ቃል ዘልያለሁ የሚለኝን ነበር የጠበቅኩት። ፊት ለፊቴ ያለችው ወንበር እንኳ አልተንቋቋችም፤ ደህና አድርጎ ነው የጠገናት።