ጽጌረዳና በመጋዘኑ የተቆፈረው ጉድጓድ

ጽጌረዳን ልጅ ሆና ነው የማውቃት። እናቷ ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክማ ስትወርድ፣ እሷ ደብተሯን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ የረገፈውን እየለቀመች በደጄ ታልፍ ነበር። እኔ ሽሮ ሜዳ ለሸማኔ ጥጥ ስፈትል ነው ያረጀሁት፤ ቤቴና የመንግሥት ትምህርት ቤቱ አጥር ይጋራሉ። እዚያው ተማረች፣ እዚያው አስተማሪ ሆነች፣ በኋላም ርዕሰ መምህርት። ሹመቱ አልቀየራትም። ጠዋት በር ላይ ቆማ የሕፃናቱን አፍንጫ ስትጠርግ ላያት እንግዳ፣ አለቃ አትመስልም።

እንግዲህ ኮሮና መጣ። መጋቢት ላይ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ያ ሁሉ የልጅ ጫጫታ ድንገት ሲጠፋ፣ ጆሮዬ የደነቆረ መስሎኝ ነበር።

ፈትሌን የሚገዛኝ ሸማኔ ዓምሃ ይባላል፤ በልጅነቱ ከጋሞ የመጣ ነው። ከሦስት ዘመዶቹ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ጉልበት ለጉልበት እየተነካኩ ይሸምኑ ነበር። አከራያቸው በሽታውን ፈርታ ውጡልኝ አለች። ዓምሃ እኔ ዘንድ መጥቶ፣ ጽጌረዳን ለምኚልኝ አለ። ለመንኳት። ትንሽ አሰበችና ግቢው ጥግ ያለውን ባዶ መጋዘን ከፈተችላቸው። ከአራት ሰው በላይ አትሰብሰቡ የተባለበት ጊዜ ነው። እነሱ ደግሞ አራት ናቸው፤ በየማዕዘኑ ተራርቀው ተቀምጠዋል፣ አፋቸውንም ሸፍነዋል። ሕጉን የጠበቀች መስሏት ነበር። ወረዳውን ግን አላስፈቀደችም። ቁልፉን ሰጠቻቸው፣ በቃ።

ሸማኔ እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድ ካልቆፈረ አይሠራም። የመጋዘኑ ወለል አፈር ስለሆነ አራቱም ቆፈሩ። ያን ክረምት መወርወሪያቸው ወዲያ ወዲህ ሲል በአጥሩ በኩል እየሰማሁ ነው የከረምኩት። ሰው መኖሩን የማውቀው በሱ ነበር።

ኅዳር ላይ ልጆቹ ሊመለሱ ሆነ። ተራርቀው ይቀመጡ ስለተባለ ክፍል አልበቃም፤ መጋዘኑም መማሪያ ይሁን ተባለ። ጽጌረዳ ሸማኔዎቹን ጉድጓዳችሁን ደፍናችሁ ውጡ አለቻቸው። ሦስቱ ደፈኑ። ዓምሃ አልደፈነም። አባቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሸማኔ ጉድጓዱን በገዛ እጁ ከደፈነ ሥራ ይጠፋበታል ብሎ ያምን ነበር አሉ። ልጁም ያንን ፈርቶ፣ ጉድጓዱ ላይ ሳንቃ አጋደመ፣ አፈር መለሰበት፣ ረገጠው። ላይ ላዩን ሲያዩት ደልዳላ መሬት ነው። ጽጌረዳም አይታ፣ ጎሽ ብላ አሰናበተቻቸው።

ብዙም አልቆየ፣ ሲና የምትባል ትንሽ ልጅ እዚያ ገመድ ስትዘል ሳንቃው ተሰበረ። እግሯም ተሰበረ። ጽጌረዳ ራሷ አቅፋ ጳውሎስ ሆስፒታል አደረሰቻት፤ ጀሶ ታሰረላት።

የሲና አባት ሮቤል፣ የአዲሱ ገበያ ታክሲ ሾፌር ነው። በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ አመለከተ። ማን ይፈርድበታል? ልጁን የላከው ትምህርት ቤት ነው እንጂ ጉድጓድ አይደለም። ፖሊስ ጽጌረዳን ጠርቶ፣ በቸልተኝነት የሰው አካል በመጉዳት ልትከሰስ እንደምትችል ነገራት። ወረዳው ደግሞ የመንግሥትን ግቢ በማን ፈቃድ ለግለሰብ እንደሰጠች ይጠይቃል። ከተፈረደባት እስር አለ፤ ያን ሁሉ ዘመን የደከመችበት ማስተማርም ያከትማል።

ያ ሁሉ ጥያቄ ሲመጣባት የዓምሃን ስም አልጠራችም። ከሰው ስትሰማ ግን ይኸው ዓምሃ ራሱ ጣቢያ ሄዶ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብሏል። መርማሪው፣ የግቢው ኃላፊ እሷ ናት፣ ያንተ መምጣት እሷን ነፃ አያወጣትም አለው። ሲወጣ ግን ጠርቶ መከረው፤ እንዲህ ያለው ክስ የተበዳይ አቤቱታ ስለሚፈልግ፣ አባትየው ከታረቀና አቤቱታውን ካነሳ ፋይሉ ይዘጋል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ሮቤል ቤት ሄድን። እኔና ጽጌረዳ ከፊት፣ አራቱ ሸማኔዎች ከኋላ። ደጁ ላይ ስንደርስ አራቱም እርጥብ ሳር ይዘው ተንበረከኩ።

ሮቤል ወጥቶ አያቸው፤ ፊቱ ጠቆረ።

«ምን በዓል ሆኖ ነው ቄጠማ የምታመጡልኝ? ልጄ እግሯ ተሰብሮ ተኝታ፣ ቤቴን ልታስጌጡ ነው?»

ወይስ በግ እንዳለኝ ማን ነገራችሁ ብሎ አፌዘባቸው። ከሸማኔዎቹ በዕድሜ የሚበልጠው አንገቱን ደፍቶ መለሰለት።

«ለጌጥ አይደለም ጌታው። በእኛ አገር ሰው ሳር ይዞ ከተንበረከከ፣ የመጨረሻ ልመናው ነው።»

ይኼኔ ሲና በክራንች ተደግፋ ወጣች። የቱ ነው ጉድጓዱን ያልደፈነው ብላ ጠየቀች፤ ዓምሃ እጁን አነሳ።

«ለምን አልደፈኑትም ጋሼ?»

«ፈራሁ ልጄ። ሥራ የሚጠፋብኝ መሰለኝ።»

«አሁንስ?»

«አንቺ ከወደቅሽ ወዲህ አንድ ክር አላስኬድኩም።»

አባትየው ወደ ጽጌረዳ ዞረ። ጥፋቱ የሱ መሆኑን እያወቅሽ ለፖሊስ ስሙን ለምን አልጠራሽም አላት።

«ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች። «ልጅህን አደራ ብለህ የሰጠኸውም ለሱ አይደለም፤ ለኔ ነው።»

ሮቤል ወደ ተንበረከኩት ዞረ።

«ተነሱ በቃ። ጉልበታችሁ ቢጎዳ ደግሞ እኔ ልከሰስ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀችው ሲና ናት። እኔ ግን አለቀስኩ።

ሮቤል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ጉድጓዱ ሲደፈን ቆሜ ልይ አለ። በማግስቱ ዓምሃ በድንጋይና በሲሚንቶ ደፈነው፣ ሮቤል በጫማው እየረገጠ አረጋገጠ፣ ከዚያ አብረው ጣቢያ ሄዱ። አቤቱታው ተነሳ። ወረዳውም ካንገራገረ በኋላ በማስጠንቀቂያ አለፋት። ዛሬም ርዕሰ መምህርት ናት፤ አሁንማ መጥረጊያ እንኳ ሳታስፈርም አታውስም።

ማስጠንቀቂያውን የተቀበለች ዕለት በቀጥታ እኔ ዘንድ መጣች። እማማ፣ አልጋሽ ላይ ትንሽ ጋደም ልበል አለች። ሻይ ጥጄ ስመለስ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ እንቅልፍ ወስዷታል። ከአጥሩ ወዲያ ደወል ተደወለ፤ ልጆቹ እየጮኹ ወጡ። አልነቃችም። እኔም አልቀሰቀስኳት።