የአባቴ ትንፋሽ የጎደለበት ዲስክ

ይህን የምጽፈው አንድ የጠፋ ዲስክ ለማፈላለግ ነው። እንዴት እንደጠፋ ካልነገርኳችሁ ግን ልመናዬ ግልጽ አይሆንም፤ ስለዚህ ካለፈው እሑድ ልጀምር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰሚት ባለው ኮንዶሚኒየማችን ብቻዬን ነበርኩ። እናቴ ለቅሶ ሄዳለች። የአባቴን ሚኒዲስክ ማጫወቻ፣ በትንንሽ ዲስኮች ድምፅ የሚቀዳውንም የሚያጫውተውንም መሣሪያ፣ ከመሳቢያ አውጥቼ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። አባቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ከመታመሙ በፊት፣ ገና በድሮው ቤታችን ሳለን፣ አንድ የክረምት ቀን ዋሽንቱን እየነፋ፣ በመሃል በመሃሉም ስለ ልጅነቱ እያወራ ራሱን ቀድቶ ነበር። መጀመሪያ የቆርቆሮው ዝናብ ይሰማል፤ ቀጥሎ አባቴ ትንፋሹን ይስባል፤ ከዚያ ዋሽንቱ ይነሣል። እኔ ዲስኩን የማዳምጠው ለዚያች ትንፋሽ ስል ነው።

እሑድ ዕለት ትንፋሿ አልነበረችም።

ዝናቡ እንደሚፈላ ውሃ ይንተከተካል። ዋሽንቱ ከፍ ሲል ጫፉ ይሟሟል... አባቴ ከግድግዳ ማዶ የተቀመጠ ይመስላል። ዲስኩን አውጥቼ አየሁት። ቀለሙ ያው ሰማያዊ ነው፤ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለው ጽሕፈትም የእኔ ነው፤ የወረቀቱ ጥግ ግን ተልጦ እንደገና ተለጥፏል።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በቅርቡ የማጫወቻው ክዳን አልዘጋ ብሎ፣ እናቴ ዲስኩ ውስጡ እንዳለ ቦሌ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ወስዳው ነበር። ባለሱቁን አቶ ደረጀ ብዬ ልጥራቸው።

ሰውን በጥርጣሬ ብቻ መወንጀል አልወድም። ስለዚህ ፈተና አደረግሁ። ማጫወቻው በሦስት ዓይነት ይቀዳል፦ ኤስ ፒ የሚባለው ድምፁን በሙሉ ጥራት ይይዛል፤ ኤል ፒ ቱ ዲስኩ የሚይዘውን ጊዜ እጥፍ ያደርጋል፤ ኤል ፒ ፎር አራት እጥፍ። የሚጨመረው ጊዜ ግን ከድምፁ ላይ ተቀንሶ ነው። ሰኞ ጠዋት ውሃ ሲመጣ የማጫወቻውን ማይክሮፎን ሰክቼ የቧንቧውን ድምፅ በባዶ ዲስክ ላይ በሦስቱም ቀዳሁ። የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ልዩነት ምዬ አልናገርም። ሦስተኛው ግን ያው ነው... ያ መንተክተክ። የአባቴን ዲስክ መልሼ ከትቼ የማጫወቻውን ትንሽ መስኮት ተመለከትኩ። ኤል ፒ ፎር ይላል። አባቴ የቀዳው በኤስ ፒ ነበር፤ አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ።

እንግዲህ አንድ ሰው የአባቴን ድምፅ በሌላ ዲስክ ላይ ቀድቶ፣ ወረቀቴን ልጦ ለጥፎበት፣ እውነተኛውን አስቀርቷል። ደህና ዲስክ ከገበያ እየጠፋ እንደሆነም አውቃለሁ። ምክንያቱን አገኘሁ ብዬ አመንኩ።

ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ሱቁ ሄድኩ።

«አቶ ደረጀ፣ ይህ ዲስክ የኛ አይደለም።»

«ስሙ የናንተ፣ ድምፁ የናንተ... ታዲያ የማን ሊሆን ነው?»

«ድምፁ ተበላሽቷል።»

«ያረጃል እኮ እህቴ። እኛስ መች እንደ ድሮአችን ነን?»

«ዲስክ እንደ ካሴት እየሳሳ አይሄድም። ይህንን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።»

ዓይኔን ሸሹ። ምንም ያልያዘ የማሳያ መደርደሪያ በጨርቅ መወልወል ጀመሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለመሆኑ እዚህ መምጣትሽን እናትሽ ያውቃሉ?» አሉኝ።

ንጹሕ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም አልኩ በልቤ። ቤት እንደደረስኩ ለእናቴ ነገርኳት፤ ነገ ፖሊስ ጣቢያ እንደምሄድም ጨመርኩ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ደረጀን ተይው። ያስጠበብኩት እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«የአባትሽን ድምፅ ነዋ። ሰውዬው ሲያወራ ሲያወራ ዲስኩን ሞልቶት ስምንት ደቂቃ ብቻ ቀርቷል አለኝ ደረጀ። እኔም ከሱ ቀጥዬ ልቀዳ ብል በስምንት ደቂቃ ምን እናገራለሁ? የመቃብር ቦታዬን አጠገቡ አስይዤ፣ እዚህ ሌላ ዲስክ ላይ ለብቻዬ ልቀመጥ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልትስቂብኝ። እስክሞት እንዳትነግራት ብዬ አደራ አልኩት።»

«ቀዳሽ እንዴ?»

«ገና ነኝ። የምለውን እየሰበሰብኩ ነው።»

አልሳቅሁም። «የድሮው ዲስክስ?» አልኩ።

«እሱማ ባዶውን ቀረ አይደል? ለሚፈልግ ስጠው አልኩት።»

እናቴ የአባቴ ድምፅ፣ እኛ ከድሮው ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም እንደገባነው፣ ጓዙን ጠቅልሎ ከአንዱ ዲስክ ወደ ሌላው የገባ መስሏታል። ቢቀዳም ድምፁ በድሮው ዲስክ ላይ እንደሚቀር ስነግራት፣ «እና አሁን... ማን ቤት ነው ያለው?» አለችኝ።

በማግስቱ አቶ ደረጀን ይቅርታ ጠየቅኩ። ለሳምንታት አስቀምጠውት ነበር፤ እሳቸው በሌሉበት ግን አንድ የማያውቁት ደንበኛ ከሌሎች ያገለገሉ ዲስኮች ጋር ወስዶታል።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። በዚህ በጥቅምት ወር ቦሌ ካለ ሱቅ ያገለገሉ ሚኒዲስኮች የወሰዳችሁ ካላችሁ፣ ከመካከላቸው ወረቀቱ የተላጠ ሰማያዊ ዲስክ ፈልጉ። ስታጫውቱት መጀመሪያ ዝናብ፣ ቀጥሎ አንድ ሰው ትንፋሹን ሲስብ ከተሰማችሁ አባቴ ነው። እዚህ ጻፉልኝ፤ ያላችሁበት ድረስ መጥቼ በአዲስ ዲስክ እለውጣችኋለሁ። ሙት ዓመቱ ኅዳር ሃያ ነው። እባካችሁ እስከዚያ ድረስ ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ አትጫኑበት።