አባቴ ያስመዘገበልኝ ዕድሜ

አባቴ ደቡብ አፍሪካ እንደገባን መጀመሪያ የተሳሳተው የእኔን ዕድሜ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የስደተኞች ቢሮ መስኮት ፊት እጁን ይዤ ቆሜ ሳለ ጸሐፊዋ «መቼ ተወለደች?» አለችው። እሱም የተወለድኩበትን ዓመት በእኛው አቆጣጠር አፉን ሞልቶ ነገራት። የፈረንጆቹ ዘመን ከእኛ በሰባት ስምንት ዓመት እንደሚቀድም ጠፍቶት አይደለም፤ ሰልፉ፣ ፍርሃቱና እንግሊዝኛው አጣደፉት። ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። እንዲህ ሆኜ የአሥራ ሁለት ዓመት ኮረዳ ተብዬ ተመዘገብኩ።

ፎርድስበርግ በሚባለው ሰፈር የሚነግዱ የአገራችን ሰዎች ለዓመታት ሲስቁብን ኖሩ። «እሜቴ መጡ፣ ወንበር ልቀቁ!» ይሉኝ ነበር። ሳቁ ያበቃው በወረቀቱ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ነው። ያኔ አምስተኛ ክፍል ነኝ። አዋቂ ናት ተብዬ ከአባቴ ፋይል ወጣሁ፤ የራሴ ፋይል ተከፈተና የተሰደድሽበትን ምክንያት ተናገሪ ተባልኩ። ምን ልበል? አባቴ ይዞኝ መጣ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ጥቂት ጥቂት ወር እያራዘሙ ብዙ ዓመት አቆዩኝ። ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ላይ ስደርስ ግን ጥያቄዬ ውድቅ ሆነ፤ ወረቀቴም ጊዜው አለፈ።

የምማረው የታሪክ መምህርት ለመሆን ነበር። የኮሌጁ መዝገብ ቤት ሴትዮ እስከ ዓርብ የታደሰ ወረቀት ካላመጣሁ ለመጨረሻው ፈተና እንደማልቀመጥ በትሕትና ነገረችኝ። ትሕትናዋ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። አባቴ ይህን ሲሰማ ረቡዕ ጀርሚስተን ያለውን ሱቃችንን ዘግቶ ወደ ስደተኞች ቢሮ ሊሄድ ወሰነ። ዕድሜዬ ከተስተካከለ ልጅ ሆኜ ሳለ ያለአግባብ ከፋይሉ እንደወጣሁ ይታወቃል፣ ይመልሱኛል ብሎ ነው። በዚያው ረቡዕ ክፍላችን የጥቁሮችን የመብት ትግል ታሪክ ሊጎበኝ ቀጠሮ ነበረው። አብሬህ ልሂድ ብለው እንቢ አለኝ።

«ጉብኝትሽን ሂጂ» አለኝ። «ተማሪ ነሽ እኮ።»

አውቶቡሱ ኮረብታው ላይ ወዳለው አሮጌ እስር ቤት ወሰደን። ዛሬ ሙዚየም ነው፤ አጠገቡ ትልቅ ፍርድ ቤት አለ። መምህራችን መንገዱን ሙሉ ስለ ነፃነት ዋጋ ሲናገር እኔ ስልኬን ነበር የማየው። ያስጎበኙን በወጣትነታቸው እዚያው የታሰሩ አሮጊት ናቸው፤ ሁላችንም «ጎጎ» እያልን እንጠራቸው ነበር፤ በዙሉ አያት ማለት ነው። ያሰራቸው የይለፍ ደብተር አለመያዝ ነው። ያኔ ጥቁር ሰው በገዛ ከተማው ያለዚያ ደብተር መራመድ አይችልም ነበር። እሳቸው ዳቦ ሊገዙ ወጥተው ደብተራቸውን ቤት ረስተውት ነው አሉ። አንሶላ የሚያህል ጨርቅ አንጥፈው ስንት ሴት እንደተኛችበት አሳዩን።

ከዚያ «እስቲ አሁን ማንነታችሁን የሚናገር ነገር አውጡ» አሉን።

ጓደኞቼ ጠንካራዋን የመታወቂያ ካርድ መዘዙ። እኔ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ዘረጋሁ። እንዲያውም ባላወጣው ይሻል ነበር፤ ግን እልህ ያዘኝ። አጠገቤ ያለው ልጅ አንገቱን አስግጎ አነበበና «ኤሽ! ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው! እህቴ፣ አንቺኮ እናታችን ነሽ!» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ካልሳቅኩ ምን እንደምሆን ስለማውቅ ነው።

አሮጊቷ አልሳቁም። ወረቀቱን ተቀብለው ማኅተሙን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አልፎበታል» አሉ።

«አዎ፣ ጎጎ።»

«ፖሊስ ቢያገኝሽስ?»

«ይወስደኛል።»

ወረቀቱን በዕጥፋቱ መልሰው አጠፉና እጄ ላይ አኖሩት። «እኛ ስንታሰር የሚዘፍንልን ነበር» አሉ። «ስማችንን የማያውቅ ሰው ባሕር ማዶ ሆኖ ይጮኽልን ነበር። ላንቺ ማን አለ?» ሊያስከፉኝ ብለው አልነበረም። ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። መልስ እየጠበቁ ነበር። ያኔ ነው ስልኬ የጠራው፤ ይቅርታ ብዬ ወደ ግቢው ወጣሁ።

«አባዬ፣ ምን አሉህ?»

«ተቀበሉኝ» አለ። ድምፁ የደስታ መሰለኝ። «ተስተካከለ። አሁን ሃያ አንድ ዓመትሽ ነው፣ ማሚ።»

«ወደ ፋይልህ መለሱኝ?»

«መጀመሪያ ሐሰት ተናግሬ ነበር ብለህ ፈርም አሉኝ። ፈረምኩ።»

«ሐሰት? ስህተት አይደለም እንዴ?»

«ቅጹ ላይ ስህተት የሚል የለም። ሐሰት ብቻ ነው ያለው።»

«የአንተ ወረቀትስ?»

«ያዙት። ሐሰት ተናግሮ ያገኘው እንደሆነ ይጣራል አሉ። ያንቺም አብሮ ይጣራል። ሲያልቅ በስልክ እንጠራሃለን ብለዋል።»

ከድጡ ወደ ማጡ። ጠዋት ወረቀት የሌላት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጮኽኩበት፤ በሕይወቴ አባቴ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ለምን ሳትጠይቀኝ ፈረምክ፣ ጀርሚስተን ድረስ አሁን በምን ትሄዳለህ፣ መንገድ ላይ ቢያቆሙህ ምን ታሳያለህ አልኩት። ሁሉንም በትዕግሥት ሰማኝ።

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ እኮ» አለ። ቀጥሎም «ምሳ በላሽ?» አለኝ።

ስንመለስ ጓደኞቼ አውቶቡሱ ውስጥ የድሮ የትግል ዘፈኖች ዘፈኑ፤ እየተነሱም ጨፈሩ። የሚያምር ድምፅ ነበራቸው። እኔም አጨበጨብኩ። ዓርብ ደረሰ፣ አለፈም። ከቢሮው የደወለ የለም፤ እኛ ስንደውልም ገና እየተጣራ ነው ከማለት ሌላ መልስ አላገኘንም።

ጓደኞቼ ፈተና በተቀመጡበት ቀን ጀርሚስተን ሱቃችን ውስጥ ከአባቴ ጋር ብርድ ልብስ አጣጥፍ ነበር። አንዱን ጫፍ እሱ ይይዛል፣ ሌላውን እኔ፤ ተጠጋግተን እናገናኘዋለን። ሱቁን ከውስጥ ሆነን ግማሽ በር ብቻ መክፈት ጀምረናል፤ የፖሊስ መኪና ሲያልፍ አባቴ ወደ ጓዳ ይገባል። ከማስተዋል ብዛት የመኪናዎቹን ድምፅ ለይቼ አውቃለሁ።

አንዲት ደንበኛ ገባች። «ሳውቦና» ብላ ሰላምታ ሰጠችን፣ ብርድ ልብሱን በእጇ ዳሰሰች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ ትማሪ እንደሆነ ወይስ ሥራዬ ይኸው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት አባቴ በተሰባበረ ዙሉው ቀደመኝ።

«ትማራለች» አላት። «መምህርት ልትሆን ነው። ዛሬ እንኳ ፈተና ላይ ናት፤ ልታግዘኝ ብላ ለጥቂት ጊዜ ነው የመጣችው።»

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት አየችኝ። ፈተና ላይ ያለች ልጅ እንዴት ፊቷ ትቆማለች? እኔ ግን አላረምኩትም። አንድ ጊዜ ሐሰተኛ ነህ ተብሎ ፈርሟል፤ በገዛ ልጁ አፍ ሁለተኛ እንዲባል አልፈለግኩም።

«አዎ» አልኳት። «ተማሪ ነኝ።»