ከአርባ ድምፅ አንዱን መያዝ

ራቤል በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ከክፍል ወጥቼ ሄድኩ። ተማሪዎቹ ደብተራቸውን ገልጠው ቀና ብለው ያዩኛል፤ እኔ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ፊት ቆሜያለሁ። ልቤ ድው ድው ይላል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ አፌ ደርቆ ምላሴ አልላወስ ብሏል። «መጣሁ» ብዬ ወጣሁ፤ በዚያው አልተመለስኩም። አሥራ አንድ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም ነበር።

ከዚያ በፊት ዓለም ከተማ ነው የኖርኩት። ራሴ በተማርኩበት ትምህርት ቤት አስተምር ነበር፤ የምኖረውም ከእናቴ ጋር ነበር። ገበያ ወጥቼ ስመለስ ለሰላምታ ብቻ አምስት ቦታ እቆማለሁ። እናቴ ስታርፍ ግን ያ ሁሉ ሰላምታ ከበደኝ። «አይዞሽ» ባሉኝ ቁጥር አመስግኖ ማለፍ ሲገባኝ ብሽቅ እል ጀመር። ወንድሜ ከነቤተሰቡ እናታችን ቤት ገባ፤ እኔም ዝውውር ጠየቅሁ። ማንም አላስገደደኝም። ፎርሙ ላይ «የትም ቢሆን» ብዬ ሞላሁ፤ «የትም» የተባለው ደግሞ ግሼ ወረዳ፣ ራቤል ከተማ ሆነ።

አከራዬ ጨዋታ የሚወዱ አሮጊት ናቸው። ሻንጣዬን ገና ሳላወርድ ቀሚሴን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ «ቆለኛዋ፣ ይህቺን ለብሰሽ ነው ግሼ የመጣሽው?» አሉና ከራሳቸው አልጋ ላይ ባና አንስተው ሰጡኝ። የበግ ጠጉሩ አንገቴን እየቧጠጠኝ አለቀስኩ። እሳቸው ብርዱ ያስለቀሰኝ መሰላቸው፤ እኔም ብርዱ ነው አልኩ።

ከክፍል በወጣሁ ማግስት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሙ ደረቴን አዳመጠ፣ ደም ግፊቴን ለካ፤ ከዚያ «ልብሽ ደህና ነው፤ ጭንቀት ነው» አለኝ። ደሜ ፈላ። ልቤ ታሟል ቢለኝ ደስ የሚለኝ ይመስል ተናድጄ ወጣሁ። እቤት እንደገባሁ ቁጭ ብዬ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩና ለርዕሰ መምህሩ ወሰድኩ። ሰውየው ብዙ አይናገርም። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና መልሶ ሰጠኝ። «የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና እስኪያልቅ አንቺው ጋ ይቀመጥ። ያን ቀን ካመጣሽው እፈርማለሁ» አለኝ።

ከፈረመልኝ በኋላ የምሄድበት እንደሌለኝ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዓለም ከተማ ብመለስ የወንድሜ እንግዳ ነኝ፤ ሥራም የለኝም። ብቆይ ደግሞ በየጠዋቱ ያንን የክፍል በር መክፈት አለብኝ። ሦስት ወር ገደማ ቀርቶኛል።

መጀመሪያ የሸሸሁት ወደ ስልኬ ነው። ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ውስጥ እከትና መዝሙሩንም ዘፈኑንም ሳልመርጥ ድምፁን ከፍ አድርጌ እለቀዋለሁ። እየሰማሁ ሳለ ደህና ነኝ። ማዳመጫውን ሳወጣው ግን ጭንቀቱ ከተውኩበት ቦታ ሳይነቃነቅ አገኘዋለሁ። ከዚያ መብራት ጠፋ፤ አራት ቀን ሙሉ አልመጣም። ስልኬ በሁለተኛው ቀን ሞተ። ያኔ ነው የጎረቤቱ ጩኸት ወደ ቤቴ የገባው።

ከአጥራችን ማዶ የዜማ ቤት አለ። አርባ የሚሆኑ የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎች ከአንድ አዛውንት መምህር ዜማ ይማሩበታል። እንዲህ ያለ ቤት አጠገብ ኖሮ ለማያውቅ ሰው ነገሩን ማስረዳት አለብኝ፤ አርባዎቹ አብረው አያዜሙም። አንዱ ገና ፊደሉን ከድምፅ ጋር ያለማምዳል፣ አንዱ አምስት ዓመት የደከመበትን ይከልሳል፣ ሌላው ዛሬ የተሰጠውን ይዞ ይታገላል፤ ሁሉም በየራሱ ቦታ፣ በየራሱ ዜማ፣ በአንድ ጊዜ፣ ጉሮሮው በቻለው መጠን። ከሰዓት በኋላ ሲጀምሩ የቆርቆሮው ጣሪያ የሚንቀጠቀጥ ነው የሚመስለኝ።

በሦስተኛው ቀን ላመለክት ሄድኩ። እውነቴን ነው፤ መነኩሴ ይሁኑ መሪጌታ ሳላጣራ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላጣፋ አጥሩን ዞሬ ገባሁ። የኔታ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል፤ መቋሚያቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ሳያቸው ወኔዬ ከዳኝ፤ ጉልበታቸውን ስሜ ቆምኩ።

«የኔታ፣ አዲሷ አስተማሪ ነኝ፤ ከአጥሩ ወዲያ ነው የተከራየሁት» አልኩ። «ይቅርታዎን፣ የልጆቹ ድምፅ ራሴን እያዞረኝ ተቸገርኩ።»

ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለው ድገሚልኝ አሉ፤ ጮክ ብዬ ደገምኩ። አጠገባቸው ያሉት ተማሪዎች ሳቃቸውን ዋጡ።

«ሁሉንም ልስማ ስትዪ ነዋ፣ ልጄ!» አሉኝ። «አርባውን ማን ይችለዋል? አንዱን ያዢ። የወደድሽውን አንዱን ድምፅ ምረጪና እስኪጨርስ አትልቀቂው። ሲጠፋብሽ ደግሞ አትናደጂ፤ ተመልሰሽ ፈልጊው።»

ምክር ሳልጠይቅ ሲመክሩኝ አልወድም። ተናድጄ ተመለስኩ። ግን መብራቱም አልመጣ፣ ስልኩም አልተነሣ፣ ሌላ የምሠራው አልነበረኝም። ጓሮ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና እስቲ ብዬ አንዱን ፈለግሁ። አንድ ጎርናና ድምፅ ነበር፤ ከሁሉም የከረረ፣ ከሁሉም የማያምር። ለመያዝ ስለሚቀል እሱን ያዝኩ። ሁለት ሐረግ ተከተልኩትና ሐሳቤ ወደ ደብዳቤዬ ሄደ። ተመልሼ ፈለግሁት። ደግሞ ወደ እናቴ አልጋ ሄድኩ፤ ደግሞ ተመለስኩ። ጎርናናው ትምህርቱን ሲጨርስ ፀሐይዋ ከአጥሩ ወርዳለች፤ ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

በማግስቱም ተቀመጥኩ። መብራት ከመጣ በኋላም ተቀመጥኩ። ግዕዙን አልረዳውም፤ ግን የት እንደሚወጣ፣ የት ላይ እንደሚያንከባልለው፣ የት ጋ ወርዶ እንደሚያርፍ ለየሁ። ጎርናናው የሚተነፍስበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ ነው። አንድ ቀን እኔም እዚያው ቦታ ላይ እየተነፈስኩ ራሴን አገኘሁት። ደረቴ ውስጥ ከእናቴ ቀብር ጀምሮ ታስሮ የነበረ ነገር ላላ አለ። አከራዬ በኩሽናቸው በር ብቅ ብለው፣ «ቆለኛዋ ልትቀድስ ነው!» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ራቤል ከገባሁ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር።

ክፍል ውስጥ የሞከርኩት በኅዳር መጨረሻ ነው። ተማሪዎቹ ከእረፍት ገብተው እየተንጫጩ ነው፤ ልቤ ጀመረኝ፤ ዓይኔም በሩን መፈለግ ያዘ። አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ ምንባቡን እንድታነብ ነገርኳትና ድምፅዋን ያዝኩ። ጠፋብኝ፤ ፈለግሁት። ደግሞ ጠፋብኝ፤ ደግሞ ፈለግሁት። ምንባቡ ሲያልቅ ጠመኔው እጄ ላይ ተሰባብሯል፤ እኔ ግን ቆሜያለሁ። ቀጥዬ አስተማርኩ። ጭንቀቱ ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ መጥቷል፤ ከክፍል አውጥቶኝ ግን አያውቅም።

ቅዳሜ ገብስ ቆልቼ ተማሪዎቹ እንዲቀምሱት፣ የኔታንም እንዳመሰግን ወደ ዜማ ቤት ሄድኩ። ደስታ ሰውን ለፍላፊ ያደርጋል መሰለኝ። የሆነውን ሁሉ ጮክ ብዬ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም በፈገግታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! ምን ያህል እንደሰማሁ ላሳያቸው ብዬ፣ «ከጎርናናው ጎን ያለው ቀጭን ድምፅ ግን፣ የኔታ፣ ያችን መውረጃ ዛሬም ዘለላት። ይኸው ሦስት ቀኑ ነው» አልኳቸው።

ግቢው ጸጥ አለ። አርባው ድምፅ አንድ ላይ ሲቆም የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የኔታ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። «ሦስት ቀን?» አሉ።

አንድ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው፣ የተማሪዎቹ አለቃ፣ ተነሥቶ አንገቱን ደፋ። «ይቅር ይበሉኝ፣ የኔታ» አለ። ድምፁ ጎርናና ነው።

ክው አልኩ። በዚያች ቅጽበት ነገሩ ገባኝ፤ ዝርዝሩን በኋላ ነው የሰማሁት። የኔታ በደንብ አይሰሙም። ልጆቹ ሁለት ዓመት ሙሉ ያውቃሉ፤ መምህራቸው እንዳያፍሩ ብለው ተራ የደረሰው ሁሉ በቀኝ ጆሯቸው በኩል እየተቀመጠ ይጮኻል። አለቃው የእያንዳንዱን ስሕተት ለብቻው ጆሮ ሰጥቶ ይለቅማል፤ ወደ ጓሮ ወስዶም ያርማል፤ ይህችኛዋ ግን አምልጣዋለች። ራሱ ሲያዜም ደግሞ የኔታ እንዲሰሙት ጉሮሮው እስኪቀደድ ይጮኻል። እኔ ለሁለት ወር የተደገፍኩበት ድምፅ የጎረነነው በዚህ ምክንያት ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቆሎውን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

አራት ቀን ጓሮ አልተቀመጥኩም። ምስጋና ልመልስ ሄጄ አንድ ሽማግሌ በገዛ ተማሪዎቹ ፊት አዋረድኩ። ልቤ እንደገና ይመታ ጀመር፤ እንቅልፌም ሄደ። ሰው ሳላስቀይም የምኖርበት አገር የለም ብዬ ደብዳቤውን ከሻንጣዬ አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ፈተናውን መጠበቅም አላስፈለገኝም፤ ሰኞ እሰጠዋለሁ አልኩ። በአምስተኛው ቀን አከራዬ መጥተው፣ «የኔታ ይፈልጉሻል፤ ፊትሽን ታጠቢና ሂጂ» አሉኝ።

ብቻቸውን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ።

«በቀኜ ተቀመጪ» አሉኝ። «እኔ አለመስማቴን አውቃለሁ። እነሱ ማወቃቸውን ግን አላውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ተሸካከምን ማለት ነው። ዝም ብለሽ ቢሆን ኖሮ ልጆቼ ከነስሕተታቸው ይወጡልኝ ነበር፤ ያን ምን ብዬ ለፈጣሪ እመልስ ነበር? እግዜር ይስጥሽ።»

እሳቸው መቋሚያቸውን እያሻሹ ቀጠሉ።

«አንዱን ያዢ ያልኩሽ ከሊቃውንት የተገኘ እንዳይመስልሽ። ድሮ አርባውንም እሰማ ነበር፤ እዚህ ተቀምጬ እዚያ ጥግ የሳተውን እጠራው ነበር። አንድ ቀን ሁሉም ተደበላለቀብኝ። ላብ አጠመቀኝ፤ ልቤ ሊወጣ ደረሰ። ከዚህ ወንበር ከወረድኩ ምን ልባል ነው ብዬ ፈራሁ። እንደ ሕፃን ነው የፈራሁት፣ ልጄ። እንዳልወድቅ አንዱን ድምፅ ፈልጌ ያዝኩ። ከዚያ ወዲህ እንዲያው ነው የምውለው። አንቺ በር ላይ ስትቆሚ ፊትሽን አውቄዋለሁ፤ የኔው ፊት ነው።»

አለቀስኩ፤ ብርዱ ነው አላልኩም። እስከዚያ ቀን ድረስ ፍርሃት የእኔ ብቻ፣ የደካማ ሰው፣ አገር የለወጠች ሴት ነገር ይመስለኝ ነበር። እቤቴ ስገባ እንጨቱ እርጥብ ሆኖ እሳት አልያዝ አለኝ፤ ደብዳቤውን ቀደድኩና አቀጣጠልኩበት። ደህና አድርጎ ነደደ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ የኔታ ወንበሩን ለአለቃው ሊያስረክቡ ወሰኑ። እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው በተራ አንዱን አንዱን ይሰማሉ፤ አርባውን የሚሰማው ግን እሱ ይሆናል። ይህን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ራሳቸው መናገር ነበረባቸው። ሰዓሊተ ምሕረት ሲባል ገብቼ እንደማንኛውም ሴት በሴቶች ወገን፣ ከኋላ ቆሜ አስቀደስኩ። ሕዝቡ ወጥቶ ከዛፉ ሥር ሲሰበሰብ የኔታ በአለቃው ክንድ ተደግፈው መጡ። ከመድረሳቸው በፊት ቆም አሉና ዓይናቸው ከሰው መሐል ፈልጎ አገኘኝ። በእጃቸው ጠሩኝ።

ቀርቤ በቀኝ ጆሯቸው «አቤት፣ የኔታ» አልኩ።

«ይህን ሁሉ ሰው አልችለውም» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከፊት ቁሚልኝ፤ ዛሬ የምይዘው አንቺን ነው።»

ሽማግሌዎቹ ፊት፣ ቀሳውስቱ ፊት፣ ሴት በማትቆምበት ቦታ ላይ ቆምኩ። አንድ ሁለት ሰው አጉረመረመ፤ አከራዬ ከኋላ «ተዋት!» ሲሉ ሰማሁ። የኔታ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለው ጀመሩ። ሁለት ጊዜ ቃሉ ጠፋባቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ቆም ብለው ፊቴን ፈለጉና ቀጠሉ። እኔም አልተነቃነቅኩም፤ እንባዬን እንኳ አልጠረግሁም። «ወንበሩን ለልጄ ሰጥቻለሁ» ብለው ጨረሱ፤ ያኔ ብቻ ዓይናቸውን ከእኔ አንሥተው ሕዝቡን አዩ።