የጋኑ መተንፈሻ

ካቻምና በጥር ጤና ጣቢያችን አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ተሰጠው። ከኋላው እንደ ሳጥን የተዘጋ ነው። ቀድሞ ጨው ይመላለስበት የነበረ ይሁን ሳሙና፣ ከሽታው መለየት አልቻልንም። አብሮት የመጣው ደብዳቤ መኪናው ተጠግኖ ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ እንዲሆን ያዝዛል። ከቢቸና ተነስቶ በየገበያው እየቆመ እስከ ሞጣ ሊዘልቅ ነው።

እኔ ያኔ የካርድ ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ፤ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ገባሁ። ቅኔ ቤት ሄጄ አላውቅም፤ ግን ባረጁ ካርዶች ጀርባ ላይ ግጥም እጽፍ ነበር። በእኛ አገር ቅኔ ያልቆጠረ ሰው ግጥም እጽፋለሁ ቢል ይሳቅበታል። ስለዚህ ሁለት ፊት ያለው ቃል ባገኘሁ ቁጥር ለራሴ እደብቀው ነበር፤ አንድ ቀን ለቅኔ ተማሪዎቹ ላሳየው። ይህን የማነሳው በኋላ ለመጣው ጣጣ ሥሩ እሱ ስለሆነ ነው።

ከእኛ ጋር በየገበያው የምትዞር አንዲት አዋላጅ ነርስ ነበረች። ከእኔ በአምስት ዓመት ብትበልጥ ነው። ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። አዲሱ መኪና ከመምጣቱ በፊት በትንሿ መኪና ነበር የምንሄደው። እኛ ወንዶቹ ሲመጣብን ከአንድ ቁጥቋጦ ጀርባ ዞር ብለን እንመለሳለን። ለእሷ ግን ይህ አይሆንም። በዚህ አገር ሴት ለመጸዳዳት የምትወጣው ጎህ ሳይቀድ ወይም ከመሸ በኋላ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም የገበያ ሰው እያየ፣ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ሲስተር በጉዞ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ አትቀምስም ነበር። ሦስት ዓመት እንዲህ ሠራች። በመጨረሻ ኩላሊቷን ታመመች። ደብረ ማርቆስ ያያት ሐኪም ወይ ውሃ ትጠጪያለሽ፣ ወይ ከመንገድ ትቀሪያለሽ አላት።

እሷ ታማ በተኛችበት ሰሞን ቁስል የሚያጥብ አንድ ወንድ ድሬሰር በእሷ ፋንታ ወጥቶ ነበር። ከገጠር የመጡት እርጉዞች ከሩቅ ቆመው አዩት፤ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡና ወደየመጡበት ተመለሱ። በዚያ ጉዞ ለአንዲት ሴት እንኳ ካርድ አላወጣሁም።

አዲሱ መኪና ግቢ ውስጥ በቆመ ማግስት ሲስተር አለቃችን ቢሮ ገባች። እኔ ፋይል ይዤ እዚያው ነበርኩ።

«የመድኃኒት መደርደሪያው ግማሹ ይቅር። በቦታው ሽንት ቤት ይሠራልኝ» አለች።

«መኪና ላይ?»

«መኪና ላይ።»

«ሲስተር፣ እኔ ቤቴ ውስጥ እንኳ የለኝም እኮ!»

«እርስዎ ገበያ መሀል አያዋልዱም።»

አለቃችን ሳቁ። ፈቀዱም። ነገር ግን ቁርጡን ሳይነግሯት አላሰናበቷትም። «በመጀመሪያው የሞጣ ጉዞ ካገለገለ አገለገለ። ካላገለገለ ቦታው ለመድኃኒት ይመለሳል፤ አንቺም እዚሁ ትቀሪያለሽ፤ መንገዱን ድሬሰሩ ይይዘዋል» አሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአዲስ አበባ በገለባ የታሸገ ነጭ የሸክላ መቀመጫ መጣ። ከእሱ ጋር አሠራሩን የሚያሳይ አንድ ሥዕል አለ፤ ጽሑፉ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው። ሥዕሉ ፋይል ውስጥ መቅረት ስላለበት እኔ በሌላ ወረቀት ገልብጬ፣ ቃላቱን በመዝገበ ቃላት እየፈለግሁ ወደ አማርኛ እንድመልሰው ታዘዝኩ። ደስ አለኝ። ቧንቧውን ቧንቧ፣ መዝጊያውን መዝጊያ እያልኩ ሄድኩና አንዲት አጭር ቃል ላይ ደረስኩ። መዝገበ ቃላቱ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ይላታል። ይህ ለእኔ ድርቅ ያለ ነገር ሆነብኝ። «መተንፈሻ» ብዬ ጻፍኩ። ቃሏ ስላማረችኝ ሰፋ አድርጌ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ነው የጻፍኳት። ለቃሏ ቦታ ሲጠበኝ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ተነስታ ወደ ጣሪያው የምትወጣ አንዲት ቀጭን መስመር ሳልገለብጥ ተውኩ፤ የግድግዳው ጠርዝ መስላኝ ነበር።

ሥራውን የያዘው ከገበያው በላይ ሱቅ ያለው በያጅ ነው። ከእኔ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው፤ እንዲህ ያለ ሽንት ቤት ግን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ሸክላውን ከገለባው አውጥቶ አገላበጠው።

«ይኼ የሚቀመጡበት ነው ወይስ የሚታጠቡበት?»

«የሚቀመጡበት።»

«ታዲያ ውስጡ ለምን ጠመዝማዛ ሆነ? ሰይጣን የገባበት አንጀት መሰለኮ!»

እጥፋቱ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ እንደሚቀር፣ ያ ውሃ ከታች የሚመጣውን ሽታ እንደሚያግደው ከወረቀቴ አነበብኩለት። ራሱን ነቀነቀ፤ ገባው። ሁለት ባዶ የቤንዚን በርሜል አመጣ። እሳት ከማስጠጋቱ በፊት ሁለቱንም አፍ እስከ ገደፋቸው ውሃ ሞልቶ ሁለት ቀን አቆያቸው፤ የቤንዚን ትነት ውስጡ ከቀረ ይፈነዳል ብሎ። ከዚያ በርሜሎቹን አንድ አድርጎ በየዳቸው፤ ከመኪናው ወለል በታች በብረት ቀበቶ አሰራቸው፤ ከሸክላው ጋር በቧንቧ አገናኛቸው። በመገናኛው ላይ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ አስገባ። ከሥር ቆሻሻው የሚፈስበት መክፈቻ አደረገ።

በሦስተኛው ቀን ከመኪናው ውስጥ ጮኾ ጠራኝ። «ጸሐፊው! ይኼ መተንፈሻ የምትለው ስንት በስንት ይሁን?»

እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ ካርድ ጀርባ ላይ የጀመርኩት ስንኝ አልገጥም ብሎኝ ነበር። «ልኩ አልተጻፈም፤ እንዳመቸህ አድርገው» አልኩት።

አመቸው። በሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ በተቀመጠ ሰው ዓይን ትክክል፣ ወንፊት ያለው ውብ መስኮት ከፈተ። ከላዩ ዝናብ እንዳያስገባ ትንሽ ክንፍ አበጀለት። «ሲስተር ተቀምጣ አገር ታያለች» አለ። በርሜሉን ደግሞ በመዶሻው እጀታ መታ መታ አድርጎ፣ «እሱን እንደ ጠላ ጋን መርጌዋለሁ። ከዚህ ሽታ ከወጣ ዓይኔን በለው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ጋን ሆኖ ቀረ።

ሞከርነው። ባልዲ ውሃ ስናፈስበት ሸር ብሎ ወረደ፤ ከታች በመክፈቻው ወጥቶ መሬት ላይ ሲፈስ አየን፤ አጨበጨብን። መክፈቻው ክፍት ስለነበር እንደሆነ ማንም አላሰበም። ለጉዞ ስንነሳ ዘጋነው።

ማለዳ ከቢቸና ወጣን። ደብረ ወርቅ ላይ ለቁርስ ስንቆም ሲስተር ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጣች። ሁላችንም አየን። ሾፌሩ በክርኑ ጎሰም አደረገኝ።

ሞጣ ስንደርስ ገበያው ሞልቷል። መኪናውን ከዳር አቆምነው፤ ሴቶቹ ተሰለፉ። ቀትር ላይ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ግሎ ሲስተር ወደ ኋላ ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ ከደረጃው ሥር ካርድ እያወጣሁ ነበር። መጀመሪያ የባልዲ ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ ከመኪናው ሆድ አንድ ረጅም ጉርምርምታ ተነሣና ጓ! ብሎ ፈነዳ። ሲስተር ጮኸች።

ሰልፉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«እናንተ፣ መኪናው አገሳ!» አለች አንዲት ሴት።

«ምን አብልታችሁት ነው?» አለች ከኋላዋ ያለችው፤ ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

ሲስተር ስትወጣ ነጭ ልብሷ ከደረቷ እስከ ጉልበቷ ረጥቦ ነበር። የወረደው ሁሉ ተመልሶ ወጥቶባታል። ማንንም አላየችም። ቅያሪዋን ለበሰች፤ እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ታጠበች፤ የሰልፉን የመጨረሻ ሴት እስክትጨርስ ሠራች። በዚያ ሙቀት አንድ ጉንጭ ውሃ አልጠጣችም።

አለቃችን በትንሿ መኪና ከኋላችን መጥተው ነበር። ነገሩን ሰሙ። «እንግዲህ አየሽ፣ ሲስተር» አሉ፤ ድምፃቸው ክፉ አልነበረም።

«አየሁ። እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ይታገሡኝ።»

«ነገ ጠዋት ምን ይመጣል?»

«እንጃ» አለች።

የመጣው በሾፌሩ በኩል ነው። «ቆርቆሮ የሚያናግሩ አንድ ሐጂ አሉ፤ ከመስጊዱ ወዲህ» ብሎ ሄደና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይዟቸው መጣ። ሐጂ ኩራዝና አሸንዳ የሚሠሩ፣ ላምባም የሚቸረችሩ ሽማግሌ ናቸው። መኪናውን አንዴ ዞሩት። አጎንብሰው ጋኑን በጣታቸው ቆረቆሩት። ከዚያ አንድ ጣሳ ውሃ እንዳፈስ አዘዙኝ። አፈሰስኩ፤ መኪናው አገሳ፤ እኔ ወደ ኋላ ዘለልኩ። ሐጂ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

«ልጄ፣ ይኼ ታፍኗልኮ! መተንፈሻው የታል?»

«አለው እንጂ፣ ሐጂ» አለ ሾፌሩና መስኮቱን አሳያቸው።

ሐጂ መስኮቱን አዩ። ክንፉን ነካ አደረጉት። «ማሽ አላህ፣ ጥሩ ሥራ ነው። ግን ይኼ የሲስተር ነው። የጋኑስ?»

ሾፌሩ አጎንብሶ ከወለሉ ሥር ፈለገ።

«እኔ ሠላሳ ዓመት ላምባ ከበርሜል ቀድቻለሁ» አሉ። «በርሜል ሁለት ቀዳዳ አለው። አንዱን ብቻ ከፍተህ ስትቀዳ ጓ ጓ እያለ ይተፋብሃል። ሁለተኛውን ስትከፍትለት ጸጥ ብሎ ይወርዳል። ውሃ ሲገባ ውስጥ ያለው አየር ወዴት ይሂድ? መውጫ ሲያጣ በሲስተር ላይ ወጣ።»

ከኪሴ የገለበጥኩትን ሥዕል አውጥቼ ዘረጋሁት። መተንፈሻ፣ በትልቁ፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ። የማን እንደሆነ አልተጻፈም። በያጁ ምን ያድርግ? የሚተነፍሰው ሰው ነው፤ ለሰው ከፈተ። ያች የተውኳት ቀጭን መስመር ያን ጊዜ ትዝ አለችኝ።

«ጥፋቱ የበያጁ አይደለም» አልኩ። «ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መስመሩንም የተውኩት እኔ ነኝ።»

ሲስተር ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አነበበችው። «ሽንት ቤት ይሠራልኝ ብል ግጥም ጻፍክብኝ» አለችና መለሰችልኝ።

ሁለት ፊት ያለው ቃል ስፈልግ ኖሬ፣ ያገኘሁት ቀን ፍቺው በእሷ ልብስ ላይ ሆነ።

ሐጂ ጋኑ ባዶ ካልሆነ አልነካም አሉ። ሾፌሩና እኔ መኪናውን ከከተማው ውጭ ወሰድነው። ጉድጓዱን እኔ ቆፈርኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ለሾፌሩ ዶማውን አልሰጠሁትም። መክፈቻውን ከፍተን አፈሰስን፤ በውሃ አጠብን፤ አፈር መለስንበት። ስንመለስ ሐጂ የአሸንዳ ቆርቆሮ ጠቅልለው፣ ጎኑን በቀለጠ እርሳስ አጣብቀው፣ ረጅም ቱቦ አድርገው ጠበቁን። ጋኑ ላይ ግን እሳት አላስጠጉም፤ በእጅ መሰርሰሪያ ነው የጋኑን አናት የበሱት። ቱቦውን አስገብተው በቡሎን አጠበቁት። በመኪናው ጎን አስደግፈው ከጣሪያው በላይ አንድ ክንድ አወጡት። ጫፉ ላይ ለዝናብ ትንሽ ቆብ ደፉበት። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር።

«ጸሐፊው፣ ጣሪያው ላይ ውጣ። መዳፍህን አፉ ላይ አድርግ» አሉኝ።

ወጣሁ። ከታች መክፈቻው ተዘግቷል። ሲስተር ራሷ ባልዲውን ይዛ ገባች፤ በሩን ግን ክፍት ተወችው፤ ለመሸሽ ይመስለኛል። አፈሰሰች። ከመኪናው ሆድ ምንም ድምፅ አልተሰማም። መዳፌ ላይ ግን ለስላሳ አየር፣ የተኛ ሰው ትንፋሽ የሚያህል፣ መጣና ሄደ።

«ተነፈሰ!» ብዬ ጮኽኩ።

«የቱ?» አለች ሲስተር ከታች።

«ጋኑ! ጋኑ ተነፈሰ!»

በማግስቱ ጠዋት ሰልፉ ከትናንቱ ረዝሞ ጠበቀን፤ የሚያገሳ መኪና መጣ የሚለው ወሬ ሳይሆን አይቀርም ያበዛው። አለቃችን ሰዓታቸውን እያዩ ደረጃው አጠገብ ቆመዋል። «እህስ፣ ሲስተር?» አሉ።

ወደ እኔ ዞር ብላ «ውሃ አምጣልኝ» አለች። ከፈላው ውሃ በትልቁ የቆርቆሮ ኩባያ ሞልቼ አመጣሁላት። ሰልፉም አለቃችንም እያዩ፣ ቆማ፣ ሳታርፍ ጨረሰችው። ኩባያውን እንደገና ዘረጋችልኝ። ሁለተኛውንም ጨረሰች።

ትናንት መኪናው አገሳ ያለችው ሴት ዛሬ ከፊት ነበረች። «ሲስተር፣ ምነው እንዲህ ጠማሽ?» አለቻት።

«ሦስት ዓመቴ ነው» አለችና አፏን ጠርጋ፣ «ግቢ፣ አንቺ ነሽ ተረኛ» አለቻት።