ብርዝ ያባሰው ጥም

«አንች፣ የሚሄደው ቀሚስሽ ነው ወይስ አንች ነሽ?» አሉኝ ጋሽ ሰይድ፣ ዳንግላ ላይ ጨርቅ የምሸጥላቸው ባለሱቅ። ሳቅሁ። እውነታቸውን ነበር፤ ቀሚሱ ሁለት እኔን ይይዛል።

ውሃ አልጠግብም። አንድ ጆግ ጨርሼ ሽንት ቤት እሮጣለሁ፣ ተመልሼ ደግሞ እጠጣለሁ። እበላለሁ፣ እከሳለሁ። እማዬ ደም አንሷት ነው ብላ ብርዝ ትበጠብጥልኝ ጀመር፤ እኛ ቤት የከሳ ሰው የሚጠገነው በማር ነው። ጣፈጠኝ። ጠጣሁ። ጥሙ ባሰ። እሷም ማሩን ጨመረች።

ከዚያ አስመለሰኝ። ትንፋሼ እንደ ሯጭ ሆነ። ሱቅ ውስጥ ወደቅሁ። ጋሽ ሰይድ በጋሪ ጭነው ሐኪም ቤት አደረሱኝ። ነርሷ ጣቴን ወጋች። ስኳሬ ከመለኪያው በላይ ነበር።

ዶክተሩ፣ ደርሳ ስለ ብርዙ ወደ ነገረቻቸው እማዬ ዞሩ። «ስኳሩ ደሟ ውስጥ ሞልቷል፤ ሰውነቷ ግን ርቦታል። ብርዙን እንዳይደግሙላት።»

 

ሲሻለኝ ዶክተሩ አስረዱኝ። የበላነው ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ሲገባ ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ኢንሱሊኑ ስኳሩን ወደ ሴሎች ያስገባል፣ የተረፈውን ጉበት ያስቀምጥና ስንራብ መልሶ ይለቀዋል። የእኔን ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች የገዛ ሰውነቴ አጥፍቷቸዋል፤ ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ነው። ሴሎቼ ሲራቡ ሰውነቴ ስቡን ማቃጠል ያዘ፣ ደሜ ውስጥ አሲድ በዛ፤ ኬቶአሲዶሲስ ይሉታል። በሽታውን ብርዝ አላመጣውም፤ አባሰው እንጂ።

አሁን ኢንሱሊኔን፣ ፍሪጅ ስለሌለን እንዲቀዘቅዝ፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ ማሰሮ አስቀምጬ፣ ጠዋትና ማታ ከምግብ በፊት እየተወጋሁ ጉንጬ ሞልቷል። ይኼኔ እማዬ ሌላ አመጣች፦ ድነሻል፣ መርፌውን ተይው፣ ሰው ካየሽ የሚያገባሽ የለም። ዶክተሩን ጠየቅኋቸው።

«ካቆምሽ በቀናት ውስጥ ተሸክመው ያመጡሻል። ሁለተኛ ላትነቂ ትችያለሽ።»

ጥም፣ ሽንት ማብዛትና መክሳት ከመጣባችሁ ቶሎ ተመርመሩ። ማንም ድናችኋል ቢላችሁ ኢንሱሊን አታቁሙ። ኢንሱሊን እየወሰዳችሁ ስኳራችሁ ወርዶ ላብ ሲያጠምቃችሁና ሲያንቀጠቅጣችሁ ግን ጣፋጭ ያኔ መድኃኒት ነው፤ ከረሜላ ከኪሳችሁ አይጥፋ። ጋሽ ሰይድን እግዜር ይስጥልኝ። እማዬንም አልወቅሳትም፤ ካላት ሁሉ የተሻለውን ነው ያጠጣችኝ።

ባለፈው እሑድ ማለዳ ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሊጠይቁኝ ከእንጅባራ መጡ። እማዬ፣ እስኪሄዱ መርፌውን አቆይው ብላ በጆሮዬ ለመነችኝ። ሰዓቴ ደርሷል። ማሰሮውን ከአሸዋው አውጥቼ መሀል ቤት አመጣሁ፣ እጅጌዬን ሰበሰብሁ፣ ሁሉም እያዩኝ ክንዴን ወጋሁ። ቁርሴን በላሁ። ነጠላዬን አንስቼ ወደ ሱቅ ሄድሁ።